ለአዲስ ሳሎን የቱ የፌሻል ዕቃ ያዋጣል?

የአክስቴ ልጅ ገርጂ አካባቢ ሳሎን ልትከፍት ቤት ተከራየች። ፀጉሩ አላሳሰባትም፤ አሥር ዓመት የሠራችበት ነው። ያስጨነቃት ፌሻሉ ነው። አንድ ማታ ደወለችልኝ።

«እትዬ፣ አንዱ አስመጪ የ180 ሺህ ብር ዝርዝር ላከልኝ። አንዷ ደግሞ ከዱባይ በ20 ሺህ ሙሉውን አመጣልሻለሁ ትላለች። የቱን ልያዝ?»

«ለማንም ቀብድ እንዳትከፍዪ። ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኳት።

ፌሻል መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ውድ ዕቃ ገዝተው የከሰሩም፣ ርካሽ ገዝተው የደንበኛ ፊት ያበላሹም አይቻለሁ። «ተመጣጣኝ ዋጋ» ሲባል ብዙ ሰው ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ያያል። እኔ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንድ ፌሻል ስንት ያስወጣኛል? ዕቃው ሲያልቅ፣ የዛሬ ሦስት ወር፣ እዚያው ሰው ጋ አገኘዋለሁ?

በሲሪንጅ ስንለካው

ቅዳሜ ከፋርማሲ ባለ 5 ሚሊ ሲሪንጅ ገዝቼ ሄድኩ። እኔ አልጋው ላይ ተኛሁ፣ እሷ ሠራችኝ። እንደ ልማዷ ከጠርሙሱ መዳፏ ላይ ከማፍሰስ እያንዳንዱን በሲሪንጅ እየቀዳች ነው። ታናሽ እህቷ ደብተር ይዛ ትጽፋለች።

ክሌንዘር (የፊት ማጠቢያው) በሁለት ዙር 6 ሚሊ ወሰደ። ቶነር (ከማጠቢያው በኋላ የሚቀባው ቀጭን ፈሳሽ) 3። ስክራብ (መፈግፈጊያው) 5። የማሳጅ ክሬም 8። ማስክ 15። ሴረም (ጥቂት ጠብታ የሚበቃው ጉልበተኛ ፈሳሽ) 1። ሞይስቸራይዘር (ማለስለሻው) 2። ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያው) አንድ ተኩል። ሲደመር 41 ሚሊ ተኩል መጣ።

ደብተሩን ደግማችሁ እዩት። ማስኩና የማሳጅ ክሬሙ ብቻ 23 ሚሊ በልተዋል፤ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ሴረሟ አንዲት ሚሊ ናት። አዲስ ሳሎን የሚከፍቱ ልጆች ሲገዙ የማየው ግን ተገላቢጦሹን ነው። ሴረም «ውድ ነው» ብለው ይተዋሉ፣ ማስክና ማሳጅ ክሬም ከውዱ መስመር ይሸምታሉ። እስቲ እናስላው (ቁጥሮቹን ለስሌት ብዬ ነው የወሰድኳቸው፣ የገበያ ዋጋ አይደሉም)። 30 ሚሊ ሴረም በ3,000 ብር ብትገዙ ለአንድ ደንበኛ 100 ብር ይደርሳል። ሚሊው 12 ብር የሚወጣ ማስክ ደግሞ ለአንድ ደንበኛ 180 ብር ነው። ጠርሙሱ ረከሰ እንጂ ፌሻሉ አልረከሰም።

የማሳጅ ክሬም ሥራው እጅ ማንሸራተት ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ በፎጣ ይጠረጋል። እሱ ላይ ስም አትግዙ። ሽቶ የሌለው፣ ቀዳዳ የማይደፍን ቀላል ነገር ይበቃዋል።

ሌላው ወጥመድ «ትልቁ ያዋጣል» የሚለው ነው። 150 ሚሊ ክሌንዘር በ2,400 ብር፣ 500 ሚሊው ደግሞ በ6,000 ብር አለ እንበል። የትንሹ ሚሊ 16 ብር፣ የትልቁ 12 ብር። ትልቁ አሸነፈ? ጠርሙሱን ገልብጡት። ጀርባው ላይ ክዳኗ የተከፈተ ትንሽ ዕቃ ሥዕል አለች፤ ውስጧ 6 ወይም 12 ተብሎ ተጽፎ ከጎኑ የእንግሊዝኛዋ ኤም ትኖራለች። ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚቆይ ነው የምትነግራችሁ። 6 ካለች፣ እናንተም ሳሎኑ ገና አዲስ ሆኖ በሳምንት ሁለት ፌሻል ብቻ ከሠራችሁ፣ በስድስት ወር 52 ፌሻል ነው። በ6 ሚሊ ሲመታ 312 ሚሊ። የቀረው 188 ሚሊ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል፣ የተጠቀማችሁበት ሚሊም 19 ብር ወጣበት ማለት ነው። ትንሹ ጠርሙስ ይሻል ነበር።

የኛ አገር ደንበኛ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይመጣም። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ከፋሲካ በኋላም እንዲሁ። ሁዳዴ ላይ ሠርግ የለም፣ ሙሽራ የለም፣ የሙሽራ ሚዜም የለችም። ስለዚህ ትልልቁን ጠርሙስ ኅዳር መጨረሻ ላይ እዘዙ። የካቲት ላይ አዲስ ባልዲ መክፈት ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

የሳሎን መስመሮቹ

ፕሮፌሽናል የሚባሉት ለሳሎን ታስበው የተሠሩ ናቸው። ደርማሎጂካን ጄን ዋርዋንድ በ1986 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ጀመረችው፤ ከ2015 ጀምሮ የዩኒሊቨር ነው። ጃንሰን የጀርመን ነው። ካስማራ የስፔን፤ በተለይ ተበጥብጦ ፊት ላይ እንደ ላስቲክ በሚረጋውና ባንድ ጊዜ በሚላጠው የአልጌ (የባሕር አረም) ማስኩ ይታወቃል። ክሪስቲና የእስራኤል ሲሆን ከ1982 ጀምሮ አለ። ዘመድ እስራኤል ያለው ሰው ይህን ስም ሳይሰማ አይቀርም።

ለአዲስ ሳሎን ጥቅማቸው ሦስት ነው። አንደኛ፣ ከክሌንዘሩ እስከ ማስኩ ቅደም ተከተሉ ተሠርቶ ይመጣል፤ ጀማሪ ሠራተኛ በቀላሉ ትይዘዋለች። ሁለተኛ፣ ጥሩ አከፋፋይ ካለ ሥልጠና አለ። ለኔ ከዕቃው ይልቅ ይህ ነው ዋጋ ያለው። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ደንበኛዋ ዋጋውን ስልኳ ላይ ፈልጋ ከጎረቤት ሱቅ ጋር አታወዳድርባችሁም።

ጉዳቱ ግልጽ ነው። መነሻ ትዕዛዝ ይጠይቃሉ፣ ዋጋቸውም በዶላር ነው የሚተነፍሰው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የፌሻል ዋጋ ግን በአንድ ጀንበር እጥፍ አይደረግም፤ ደንበኛ ይሸሻል። ስለዚህ ከአስመጪ ጋር ስትነጋገሩ «ይህ ዋጋ እስከ መቼ ይቆያል?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ።

ሁሉንም ከአንድ መስመር ካልገዛችሁ አይሠራም የሚላችሁ ሻጭ ደግሞ ኮሚሽኑን እያሰበ ነው። ክሌንዘሩ ከአንዱ፣ ማስኩ ከሌላው ቢሆን ቆዳ አያኮርፍም። አንድ መስመር ውስጥ መቆየት ግድ የሚሆነው ፒሊንግ (የላይኛውን ቆዳ በአሲድ መላጥ) ላይ ነው፤ ማዘጋጃውም፣ አሲዱም፣ ማብረጃውም ተያይዘው የተሠሩ ናቸውና።

ፒሊንግ ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከስምንት ዓመት በፊት፣ የእህቴ ሠርግ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ሳሎን ገብቼ ፒሊንግ ተሠራሁ። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ ልጅቷም አልነገረችኝም። ሲያቃጥለኝ «እየሠራ ነው፣ ቻል አርጊው የኔ ቆንጆ» አለችኝ። በማግስቱ ጉንጬ ተላጠ። በሳምንቱ የተላጠበት ቦታ ጠቆረ። ጥቁረቱ እስኪለቅ ሰባት ወር ፈጀ። የሠርጉ ፎቶ ላይ ሁሌ በቀኝ ጎኔ ብቻ የቆምኩት ለዚያ ነው።

የኛ ቆዳ ሲቆጣ ቀለም ያመርታል፤ ጉዳዩ ይኸው ነው። ነጭ ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ የሚያልፍ ቃጠሎ እኛ ላይ ጥቁር ምልክት ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ መስመር ስታወዳድሩ «ፒሊንጉ ጠንካራ ነው» መባሉ ለኛ ነጥብ የሚያስቀንስ ነው። ግላይኮሊክ አሲድ ትንሽ ሞለኪውል ስለሆነ ቶሎ ይሰርጋል። ማንደሊክ ክብደቱ እጥፍ ነው፤ ቀስ ብሎ ስለሚገባ ለጥቁር ቆዳ ይለዝባል። ላክቲክ በመሀል ነው። አሜሪካ ውስጥ የመዋቢያ ግብዓቶችን የሚገመግም የባለሙያዎች ቡድን ለግላይኮሊክና ለላክቲክ ሳሎን ውስጥ ያስቀመጠው ጣሪያ 30% ነው፤ ፒኤቹም (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ3 በታች እንዳይወርድ። ሁለቱም ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። 20% የሆነ ነገር ፒኤቹ 2 ከሆነ ከ30%ው ሊብስ ይችላል። ሻጩ ፒኤቹን ካላወቀ ፒሊንጉን አትግዙት።

የፋርማሲዎቹ

ሴራቬ፣ ላ ሮሽ ፖዜ፣ ባዮደርማ። ሽቶ የሌላቸው ብዙ ምርቶች አሏቸው፣ ቶሎ አያስቆጡም፣ ከሳሎን መስመሮቹም በብዛት ይረክሳሉ። 473 ሚሊ የሴራቬ ክሌንዘር በኛ ልኬት ለ78 ፌሻል ይበቃል። ለክሌንዘርና ለሞይስቸራይዘር ከዚህ የተሻለ የጀማሪ ምርጫ የለም ባይ ነኝ።

ግን ፌሻል ግማሹ ዕረፍት ነው። ደንበኛዋ ዓይኗን ጨፍና የምትከፍለው ለሽታውና ለእጁ ጭምር ነው። ሁሉም ነገር ሽታ አልባና እንደ ሆስፒታል ቅባት ከሆነ «ምኑ ተሠራልኝ?» ትላለች። የአክስቴ ልጅ መፍትሔ አላት፤ ሽታውን ፎጣው ላይ ታመጣዋለች። በሞቀ ውኃ በተነከረ ፎጣ ላይ ሁለት ጠብታ የላቬንደር ዘይት። ፎጣው ከአገጭ በታች ይቀመጣል፣ ቆዳውን አይነካም። በነገራችን ላይ ውኃውን በፔርሙስ ነው የምትይዘው። መብራት በሄደ ቁጥር ስቲመር (የእንፋሎት ማሽን) ላይ የተንጠለጠለ ፌሻል ይቋረጣል፤ «ያለ ማሽን አይሠራም» የሚል መስመርም ለኛ ሰፈር አይሆንም።

ኦርዲናሪና የኮሪያዎቹ

ዘ ኦርዲናሪ ቶሮንቶ ከሚገኘው ዴሲየም በ2016 ወጣ፤ ርካሽነቱም አልጠፋም። አንድ ሚሊ የኒያሲናማይድ (የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት) ሴረም ለአንድ ፌሻል የሚያስወጣው ከብዙ የሳሎን ሴረሞች እጅግ ያነሰ ነው። ወዛም ቆዳና የብጉር ጥቁረት ላለባት ደንበኛ ይህን ሴረም ሳላመነታ እጠቀማለሁ። የኮሪያዎቹም ቶነሮች፣ እንደነ ኮስአርኤክስ ያሉት፣ ለስላሳ ናቸው።

ችግሩ ጥራት ላይ አይደለም። ደንበኛዋ መደርደሪያችሁን አይታ «ይሄማ እኔም ቤት አለ» ስትል የፌሻላችሁ ዋጋ እዚያው ይወርዳል። ሌላው የኦርዲናሪ ቀዩ ፒሊንግ ነው፣ ሁለት ዓይነት አሲድ፣ አንዱ 30% ሌላው 2%፣ ያለው። ለቤት ይሸጣል ማለት ለማንም ሰው ፊት ይሆናል ማለት አይደለም። ራሱ አምራቹ ከ10 ደቂቃ አታሳልፉ፣ ለስስ ቆዳም አይሁን ይላል። ሳሎን ውስጥ አዲስ ሠራተኛ እጅ ላይ እንዲገባ አልፈልግም።

የሻንጣው ዕቃ

ከዱባይ በ20 ሺህ ብር ይመጣል የተባለው «ሙሉ ዕቃ» እዚህ ይመደባል። በሻንጣ የሚመጣ ሁሉ ፎርጅድ ነው አልልም፤ ጥሩ ዕቃ የሚያመጡ ልጆች አሉ። ግን ዛሬ ያመጣችላችሁ ነገ ሌላ ነገር ታመጣለች። ማስኩ አልቆ በምትኩ ሌላ ስም ይዛ ስትመጣ ሠራተኛችሁ እንደገና መልመድ አለባት፣ ደንበኛችሁም እንደገና ፊቷን ለሙከራ ታበድራለች።

ናሙናውን ተቀብለን ጠረጴዛ ላይ ደረደርነው። የሴረሙ ሣጥን ላይ ያለው የምርት ቁጥርና ጠርሙሱ ሥር ያለው አይገጥምም። ክሬሙ ላይ ጭራሽ ቁጥር የለም። ጽሑፉን በአውራ ጣቴ ሳሸው ወርቃማው ቀለም ጣቴ ላይ ቀረ። የቫይታሚን ሲ ሴረሟ ደግሞ ገና ሳትከፈት እንደ ሻይ ቀልታለች፤ አየርና ሙቀት በልቷታል ማለት ነው። መለስናቸው።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራኝ ማቅያው ነው። «ቀይ አድርጊኝ» የምትል ደንበኛ ትመጣለች፣ ትመጣላችኋለችም። በሳምንት ውስጥ የሚያቀላ ክሬም ውስጥ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ አለ። ሃይድሮኪኖን፣ ክሎቤታሶልን የመሰለ ስቴሮይድ፣ ወይም ሜርኩሪ። ሃይድሮኪኖንን የአውሮፓ ኅብረት ከማቅያ ክሬም ውስጥ ያገደው በ2001 ነው። ስቴሮይዱ ቆዳ ያሳሳል፣ ሲተውት ብጉሩና መቅላቱ ይፈነዳል። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል፤ ማሸጊያው ላይ ካሎሜል ወይም ሜርኩሪክ በሚል ስም ሊደበቅ ይችላል። ግብዓቱ ያልተጻፈበት ማቅያ ለነፃም ቢሰጣችሁ አትቀበሉ። እኛ አገር መዋቢያዎችን የሚቆጣጠረው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፣ በአዋጅ 1112/2011 መሠረት። አስመጪውን «ይህ ዕቃ ባለሥልጣኑ ጋ ተመዝግቧል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ሲጠየቅ የሚቆጣ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ከጓዳ

ማር፣ እርጎ፣ እሬት፣ አብሽ። አንዳንድ ደንበኞች «ተፈጥሯዊ ነው» ስትሏቸው ደስ ይላቸዋል፣ ወጪውም ከቁጥር አይገባም። ማር ጥሩ ማስክ ነው። እርጎም ላክቲክ አሲድ አለው፣ ለስላሳ ነው። ግን መከላከያ የለውምና ጠዋት የተበጠበጠ ለማታ አይሆንም፤ የተረፈውን ድፉት። ሎሚ ግን ፊት ላይ አይደርስም፣ ማንም እናት ብታዘው። ፒኤቹ 2 አካባቢ ነው፤ በኛ ፀሐይ ላይ ሲጨመር ማድያት መጥራት ነው።

ሰንስክሪን ለብቻው

ይህን ከየትኛውም መስመር ጋር አታጣምሩት፣ ለብቻው ፈትሹት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። በየ1,000 ሜትሩ ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር 10% ያህል ይጨምራል፣ ወገብ ምድርም ቅርብ ነን። አሲድ ተቀብቶ ያለ ሰንስክሪን ከሳሎን የወጣ ፊት ቦሌ መንገድ ሳይደርስ ሥራውን መልሶ ያጣዋል።

ሦስት ዓይነት በአክስቴ ልጅ ፊት ላይ ሞከርን። አንደኛው የአውሮፓ መስመር ነው፣ ኤስፒኤፍ (የመከላከል መጠኑ) 50፣ ውድ። ቀባናት፣ መስታወት ፊት ቆመች። ከወፍጮ ቤት የወጣች መሰለች። እህቷ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ደብተሩን ጣለች። ያሸነፈው ቡናማ ቅልም ያለው ነው፤ ቅልሙ የብረት ኦክሳይድ ነው። ፊት ላይ ዱቄት አይመስልም፣ በዚያ ላይ ማድያትን የሚያባብሰውን የሚታይ ብርሃን ይጋርዳል። ይህን ተራው ሰንስክሪን አያደርገውም። ማድያት ያለባት ደንበኛ ካለቻችሁ ከሴረሙ በፊት ይህን ግዙ።

ምን ገዛች?

180 ሺው ዝርዝር ላይ 31 ዓይነት ዕቃ ነበር። ስምንት ቀረ። ክሌንዘርና ሞይስቸራይዘር ከፋርማሲ፣ ኒያሲናማይድ ሴረም ከኦርዲናሪ (ስሙን ለመደበቅ ወደ ሌላ ጠርሙስ አልገለበጠችውም፤ ከነስሙ በመሳቢያ ውስጥ ነው የተቀመጠው)፣ ሽታ አልባ የማሳጅ ዘይት፣ ለስላሳ ስክራብና ቶነር፣ ቅልም ያለው ሰንስክሪን። ከሳሎን መስመር የወሰደችው አንድ ብቻ ነው፦ የአልጌ ማስክ፣ በአንድ ሰው ልክ የታሸገው። ሚሊው ውድ ነው፤ ግን አይተርፍም፣ አይበላሽም፣ ደንበኛዋም ሲላጥ ስልኳን አውጥታ ትቀርጸዋለች።

ፒሊንግ የለም። ሥልጠናውን ከወሰደች በኋላ ማንደሊኩን እናያለን ተባብለናል። አስመጪው ቅር ብሎት «ያለ ፒሊንግ ምን ሳሎን አለ?» አላት።

«ያለ ቃጠሎ ያለ ሳሎን» አለችውና ስልኩን ዘጋች።

እያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፋ የተከፈተበትን ቀን በማርከር ጽፋለች። ክሌንዘሩ ላይ «መስከረም 14» ይላል። ሲሪንጁም እዚያው መደርደሪያ ላይ አለ፤ አዲሷ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ወር በሱ ካልሆነ እንዳትቀዳ ተነግሯታል።